ስልሳ ስምንት ኪሎ

ሁንዴ የሌሊት ዘበኛ ነው። አቃቂ ውስጥ አንድ የብረት መጋዘን ይጠብቃል፤ ሲነጋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ካለች አንድ ክፍል ቤቱ ይገባል። ሕንፃው የቆመበት መሬት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ይህን ሲያስታውሱት "ልማት ነው" ይላል፤ ቃሏን የተማራት ስብሰባ ላይ ነው፣ ከአበሉ ጋር አብራ የታደለች ናት። አባቱ በበሬ ያረሱትን እሱ በብስክሌት ያርሰዋል። ከሕንፃው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ ነበር፤ ቧንቧውም ጠፋ፣ ቆፋሪውም ጠፋ። ቃሉን አክብሮ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው።

ሚስቱ ወርቅውሃ የአቃቂ ልጅ ናት፤ አባቷ ባቡር ላይ ሠርተው ያረጁ፣ እሷ ደግሞ ፋብሪካ ገብታ ክር ስትፈትል የኖረች። ሰፊ ትከሻ፣ ከትከሻዋም የሰፋ ምላስ ነበራት። አምና ወገቧን አመማት። ሐኪሞቹ መርምረው ዕጢ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል አሉ። ከዚያ ወዲህ የቀረላት የማስታገሻ መርፌ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ አቃቂ ካለው ጤና ጣቢያ።

እንግዲህ ሕመሙን የሚያስታግሰው መርፌ ያለው ሕመሙን ከሚቀሰቅሰው መንገድ ማዶ ነው። የድሮ ወረቀት በታኞች ይህን "ቅራኔ" ብለው አሥራ ሁለት ገጽ ይጽፉበት ነበር። ወርቅውሃ ግን በአንድ ቃል ጨረሰችው፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ "ዋይ!" እያለች፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ራሷን ስታ ደረሰች። የስልክ ታክሲ የሚነዱት ደግሞ የሰፈሩን ስም ሲሰሙ ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል።

ጎረቤት ግን አልጠፋም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አሰጋሽ በየቀኑ ብቅ ይላሉ። "ውይ ወርቅዬ! ፊትሽ ሞላ እኮ! ተመችቶሻል!" ይሏታል፣ ጉንጯ አጥንት ሆኖ እያዩት። የሚያለቅሱት ፎቅ ወጥተው በራቸውን ሲዘጉ ነው። በዚህ ሕንፃ "ከሳሽ" ማለት ሟርት ነው፤ ሟርት ደግሞ ከዕጢ በላይ ይፈራል። ከፈሪዎቹ አንደኛው ሁንዴ ነው። የግድግዳውን መስታወት አውርዶ አልጋ ሥር ከቶታል።

ሥራ የሚመላለስባት አሮጌ የማውንቴን ብስክሌት ነበረችው፣ በኮንቴይነር ከሚገቡት ያገለገሉ አንዷ። ከፊትም ከኋላም የጉድጓድን ንጥረት የሚውጥ ሾክ አላት፤ ሁለቱም ሞተዋል። የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ብስክሌት ከሚጠግኑት ከጋሽ አሻግሬ ዘንድ ይዟት ሄደ። አሻግሬ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቆርጡ ኖረው የተረፋቸው ስምንት ጣትና አንድ ክፉ አፍ ነው።

"ሚስቴን ልጭንባት ነው፣ ጋሽ አሻግሬ። እንዳያነጥራት አድርገው ይሥሩልኝ።"

"ሚስት ነው ዕንቁላል የምትጭነው?"

"ታማለች። አጥንቷን ነው።"

አሻግሬ መፍቻቸውን አነሱ። ከሌላ ብስክሌት ላይ በአየር የሚሠራ የኋላ ሾክ ፈትተው ገጠሙላት፤ የፊቱንም ለወጡት። የወርቅውሃን መቀመጫ ከዋናው ብረት ጋር በየዱት። ጎማውን ከያዘው ብረት ጋር ከተበየደ ጎማው በዘለለ ቁጥር እሷም ትዘላለች አሉ።

"አሁን አየሩን ልሞላ ነው። አየሩ በተሳፋሪው ኪሎ ነው የሚሞላው። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለችውን ይቺን የጎማ ቀለበት ታያለህ? ስትቀመጡ ሾኩ ላይ ሲሶ ያህል መውረድ አለባት። አየሩ ካነሰ ዘጭ ይላል፣ ከበዛ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አንተ ስንት ነህ?"

"ሰባ።"

"እሷስ?"

ሁንዴ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ስልሳ ስምንት።"

"ታማለች አላልከኝም?"

"ስልሳ ስምንት ናት አልኩ እኮ!"

ስልሳ ስምንት ወርቅውሃ ፋብሪካ ስትቀጠር የተመዘነችው ኪሎ ነው። ነባራዊውን ሁኔታ መካድ የሹማምንት ብቻ ሥራ ይመስላችኋል? ሰፊው ሕዝብም ተክኖበታል። ሁንዴ ዋሸሁ አይልም፤ ቁጥሩን ከቀነሰ እሷን ራሷን የቀነሳት ይመስለዋል።

ቤት ሲገባ "በኪሎ የሚሞላ ነው፣ ልክ እንደ አውሮፕላን" ብሎ ጉራውን ነዛባት። ዓርብ ጫናት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሾኩ ረገጣት፤ ጩኸቷ ከባጃጁ ቀን አልተሻለም። ቀለበቷ ከቦታዋ ፈቀቅ ያለች አትመስልም። ሁንዴ አየና መንገዱን ሰደበ።

ተመልሶ አሻግሬ ዘንድ ሄደ። "ቸርኬው ነው" አለ።

"ኪሎዋ ልክ ነው?"

"አያሟርቱብኝ፣ ጋሽ አሻግሬ!"

"እሺ፣ ቸርኬው ነው። ቸርኬ አፍ የለው፣ አይከራከርህም።"

ቴሌቪዥኑ ተሸጦ ሰፋፊ ድርብ ቸርኬና ወፋፍራም ጎማ ሆነ። መንገዱ ተሠርቶ እንዳለቀ የሚያበስራቸው ዕቃ ስለሌለ ቤቱ ጸጥ አለ። አሻግሬ ሾኩን በእጃቸው ተጭነው አዩት፤ የአየሩን ልክ የሚያሳይ መርፌ ያለውን ትንሽ የሾክ መንፊያ ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

ማክሰኞ ወጡ። ቸርኬው ያምራል። መንገዱ መሀል ሲደርሱ ወርቅውሃ የነከሰችው የነጠላ ጫፍ ደም ነክቶታል።

"አቁም።"

አቆመ።

"ለአሻግሬ ስንት ነኝ አልካቸው?"

"… ስልሳ ስምንት።"

ሳቀች። ሳቁ ጎኗን ወጋትና እኩሌታው ላይ ተወችው። "አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ሚስት ጭነሃል እንዴ? የት ጋ ነው የተቀመጠችው?"

"ወርቄ፣ ተይ…"

"ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ። በየሳምንቱ ነው የሚመዝኑኝ። ኪሎዬ የሚጻፍበት ካርድ ያለው አንተ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ገልጠህ አይተኸዋል?"

"አታሟርቺ።"

"ሟርት ወገቤን አልሰበረኝም። የሰበረኝ ስልሳ ስምንቱ ነው። አስተንፍሰው!"

ብስክሌቷን ከተቆፈረው አፈር ክምር አስደግፎ ተንበረከከ። አንድ የባጃጅ ሾፌር እያዘገመ አለፈ፤ "ፋዘር፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሁንዴ የሾኩን የአየር ክዳን ፈታ፣ መንፊያውን አሰረ፣ አየሩን ለቀቀው። የመንፊያው መርፌ ወረደ።

"ቀለበቷስ?"

"ትንሽ ወርዳለች።"

"ጨምረህ ልቀቅ።"

"በቃ፣ ወርቄ።"

"የተቀመጥኩት እኔ ነኝ! ጨምር።"

ከፊቷ እየተቀመጠ እየወረደ፣ ቀለበቷ ሲሶ ላይ እስክትደርስ ለቀቀ። ብዙ አየር ነበር። ሲጨርስም እዚያው እንደተንበረከከ ቀረ።

"ተነስ በል። መርፌው ይረፍድብኛል።"

ቀጣዩን ጉድጓድ ወርደው ሲወጡ ወርቅውሃ አልጮኸችም። ሁንዴ ዝምታዋ አስፈርቶት ሁለቴ ዞሮ አያት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ካርዱን በሩ ላይ ቆሞ ገለጠው። ሠላሳ ሰባት ተኩል። ካርዱን ኪሱ ከተተና ብስክሌቷ ሥር ተንበርክኮ የሾኩን ክዳን ፈታ።