ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል

ሸማ ተራ ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ጋቢ ነጋዴ ጓደኛዬ የሚነዳት የቤንዚን መኪና ስትነሣ ሶማሌ ተራ ድረስ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ጨምሬ ይሆናል፤ ግን ትንሽ ነው። እኔ አነስተኛዋን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁ ዕለት ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ይህን የሚያህል ስልክ አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያ ወፍራም ገመድ አምጥቶ ከኋላ ወንበሯ ላይ ወረወረልኝ።

“ባትሪው ያለቀ ዕለት ደውል። ሸማ ተራ መሀል እየጎተትኩ ነው የማስገባህ።”

ተራው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ገመዱ እንደ ዘንዶ ተጠቅልሎ ከኋላዬ ይጠብቀኝ ጀመር።

በዓል ሲቃረብ ከባለቤቴ ጋር ነጠላና ጋቢ ከሸማኔዎቹ ልንረከብ ሽሮ ሜዳ ወጣን። መብራት ጠፍቶ ስላደረ መኪናዋን ቻርጅ አላደረግኋትም፤ ዳገቱ ደግሞ የቀረውን ምጥጥ አደረገው። ጭነን ስንነሣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እንኳን መርካቶ ስድስት ኪሎም የሚያደርሰን አይመስልም ነበር። ገመዱ ታየኝ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄ በልማዱ ማርሹን ዜሮ አደረገው። በቤንዚን ያረጀን ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ ዜሮ ካላደረግን የተዘረፍን ይመስለናል። ባለቤቴ እጄን መታችው። ቀደም ሲል ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ ሲጨምር አይታ ኖሯል።

“መልሰው። ራሷን እየያዘች ስትወርድ ነው ባትሪዋን የምትሞላው።”

መለስኩት። ቁጥሩ መጀመሪያ ቆመ፤ ቀጥሎ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። ዳገቱ የወሰደብንን ቁልቁለቱ በከፊል መለሰልን። መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ለመርካቶ መብራት እናከፋፍል ነበር። የቤንዚን መኪና ሲወርድ ታንከሩ ሞልቶለት ያውቃል?

ራጉኤል ጋ መንገዱ ተዘጋግቷል። ከፊታችን የቆመው ጓደኛዬ ነው፤ ሞተሩ ያጓራል። ሳይንቀሳቀስ ይጠጣል፤ የጠጣው ሙቀት ሆኖ ይበናል፤ ኮፈኑ ላይ ሽሮ ቢጣድ ይንተከተካል። የኛዋ ግን ቆማ ቀለብ የላትም፤ ዝም ብላለች።

ሱቃችን በር ላይ ስክሪኑን አሳየሁትና ከሽሮ ሜዳ ስንነሣ የነበረውን ነገርኩት። ባለቤቴን አስመሰከረ። ከዚያ ጋቢዎቹን እየዳሰሰ ቆየና፣

“ነገም ትወጣለህ?” አለኝ።

“እወጣለሁ።”

“የኔንም ጫንልኝ እንግዲህ።”

ገመዱ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ ነጠላ ተሰቅሎበታል። ደንበኛ ጥንካሬውን ሲያደንቅ፣ ጎረቤቴ ነው የሰጠኝ እላለሁ፤ እሱ ከጎን እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።