ዳማ የቆመችበት ደጅ

የአረቄ ሽታ በነፋስ በደረሰኝ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድማ ትዝ የምትለኝ የአባቴ በቅሎ ዳማ ናት።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የታወቀ ጎበዝ ገበሬ ነበር፤ አዝመራው ገብቶ እጁ ሲፈታ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማን ጭኖ ገበያ ይወርድና፣ አረቄውን ጠጥቶ፣ እየዘፈነ ይመለስ ነበር። ዘፈኑ እኔን ያስቀኝ ነበር፤ እናቴን ግን አላሳቃትም። አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ተቀይማ ደምበጫ አባቷ ቤት ገባች፤ እናት የሌለችበት ቤት እንዴት እንደሚሰፋ ያን ጊዜ አወቅሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴም በንስሐ አባታችን ፊት «ዳግመኛ እግሬ አረቄ ቤት አይረግጥም» ብሎ ምሎ፣ ለፋሲካ ተመለሰች።

ግንቦት ላይ አባቴ እርሻ ይዞት ስለነበር፣ እናቴ ቀሚስ ልትገዛልኝ ዳማ ላይ ከፊቷ አስቀምጣኝ ገበያ ወረድን። ከተማው መግቢያ ላይ ዳማ አንድ ደጅ ደርሳ ቀጥ አለች፤ ብትቆጣት፣ ብትለምናት ንቅንቅ አልል አለች። አንዲት ሴት፣ በቅሎዋን እንጂ ተቀማጩን ሳታይ፣ የአረቄ መለኪያ ይዛ ብቅ አለችና «ጌታው፣ እንደ ልማድዎ ሳይወርዱ ነው?» አለች። ቀና ብላ እናቴን ስታይ መለኪያውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ለካ አባቴ መሐላውን አክብሮ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ይጠጣ ኖሯል።

ቤት ስንገባ እናቴ አልጮኸችም። «አንቱማ መቼ ረገጡ፤ የረገጠች ዳማ ናት። በመጪው ቅዳሜ እዚያ ደጅ ከቆመች ግን፣ ከዚያው ደምበጫ ታደርሰኛለች» አለችው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ በዳማ ጆሮ እያንሾካሾክሁ ስለምናት ሰነበትሁ።

ቅዳሜ አባቴ ሁለታችንን በቅሎዋ ላይ አስቀምጦ፣ ልጓሙን እየሳበ በእግሩ ሄደ። ደጁ ሲቃረብ ኩታውን ገፎ የዳማን ዓይን ሸፈነበት፤ ገበያተኛው ቆሞ ሳቀ። ዳማ ግን ደጁን በአረቄው ሽታ አውቃ ማዝገም ጀመረች።

«እለፊ» አላት አባቴ፣ «እለፊ እንጂ፣ እለፊ።»

ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ፊቱን ወደ ደጁ ሳያዞር ጎተታት፤ አለፈች። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከኋላዬ ስትንፈቀፈቅ እኔም አብሬ ተነቃነቅሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክረምቱን ሁሉ፣ ጭቃም ቢሆን ዝናብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ አደረገ፤ መስከረም ሲጠባ ዳማ ያለ ኩታ ታልፍ ጀመር።

ዛሬ ዳማ የለችም፣ ደጁ ግን አለ፤ የሴትዮዋ ልጅ ትሸጥበታለች። ያኔ እሱን ለማለፍ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብን ነበር፤ በባጃጅ ግን ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አባቴንና እናቴን ይዤ በዚያ ሳልፍ ሽታው መጣ፤ ያረጀው አባቴ የእናቴን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘና ሾፌሩን «እለፍ ልጄ፣ እለፍ» አለው። ሾፌሩ የመቆም ሐሳብ እንኳ አልነበረውም።