ጸሐፊው መቼ ጻፈ?

ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ፊልም ስትተረጉሙ፣ መሀል ላይ አፍራችሁ ያያችሁትን በሌላ ነገር ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ፤ ያውም ክፍል ሙሉ ሰው ፊት።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ሆሳዕና ነበር። አገሬው ዋቸሞ ይላታል። የሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሀዲይኛ ገና ሰላምታ ከመለዋወጥ አላለፍኩም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት የግድግዳ ጋዜጣችን ነው። አሠራሩን ላስረዳ፦ ተማሪዎቹ ድርሰታቸውን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣሉ፣ እኔ አርሜ በክፍሉ በር አጠገብ በተሰቀለው ጣውላ ላይ በስፒል አያይዘዋለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ይቀየራል። ዛሬም በሄድኩበት ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው የማደርገው።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ጽሑፏን ሰው ቆሞ የሚያነብላት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ወደ ሆመቾ አቅጣጫ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። አንድ ጊዜ፣ ገበያ ተወስዶ ከተሸጠ በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ ቤቱ ስለተመለሰ በሬ ጻፈች። ጽሑፉ የጸሎት ቤት ሽማግሌ የሆኑት አባቷ ጆሮ ደረሰና አንድ ቀን ቢሮ መጡ። ልጃቸውን የላኩት ማንበብና መጻፍ እንድትማር እንጂ ውሸት እንድትማር እንዳልሆነ፣ ስለዚህ ይህ ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ ቤቷ እንደምትቀር በጨዋ አነጋገር ነገሩኝ።

እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። የፈጠራ ጽሑፍ ምን እንደሆነ፣ ከውሸት በምን እንደሚለይ፣ ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም በተራ በተራ ዘረዘርኩላቸው። ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ገባኝ፣ መምህር» አሉ። «በሬው ግን የለም፣ አይደል?»

«የለም፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ የፊልም መኪና እንደሚመጣና የአንድ ታላቅ የውጭ አገር ጸሐፊ የሕይወት ታሪክ እንደሚታይ አስታወቁን። እግዜር ያመጣልኝ መሰለኝ። ሽማግሌውን መጥተው ጸሐፊ ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንዲያዩ ለመንኳቸው። «አያለሁ፤ አይቼ እወስናለሁ» አሉኝ። የልጅቷ ትምህርት በዚያ ፊልም ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ፊልሙን ግን እኔም አላየሁትም ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ትልቁን ክፍል አዘጋጀን። በመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን። ዝናብ ነክቶት ስለነበር ክፍሉ እርጥብ ሱፍ ሱፍ ይሸት ነበር። ውጭ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። ተማሪውና ወላጁ ከመግባቱ በፊት ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የጸሐፊ ጠባያት» ብዬ ሦስት ነጥብ ጻፍኩ፦ ትጋት፣ ትዕግሥት፣ ንጽሕና።

ትርጉሙን እንዲህ ነበር ያቀድነው። በዚያ አገር ጸሎት ቤቶች እንግዳ ሰባኪ በአማርኛ ሲሰብክ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ሀዲይኛ ይመልሰዋል። ጎበዝ አስተርጓሚ ሰባኪው ድምፁን ሲያነሳ ያነሳል፣ ሲያለቅስም አብሮ ያለቅሳል። እኔም ከአስተርጓሚዎቹ ሁሉ የተመሰገነውን ለምኜ አመጣሁ። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ እሱ አማርኛዬን ወደ ሀዲይኛ።

ፊልሙ ገና ሲጀምር ደካማ መሆኑ ታወቀ። የቤተ መንግሥቱ በር ሲዘጋ ግድግዳው እንደ ድንኳን ይርገበገባል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ኖረ የተባለው መስፍን እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። እነዚህን በዝምታ አሳለፍኳቸው። ጸሐፊው መጠጥ ቤት ሲገባ ግን «ወዳጆቹን ሊጠይቅ ገባ» አልኩ። አስተርጓሚው በለመደው የስብከት ዜማ መለሰው። ሕዝቡም በለመደው ዜማ «አሜን!» አለ። ጸሐፊው ጠርሙስ አነሳ፤ አሜን። ሚስቱና ልጆቹ በር ላይ እያለቀሱ ጥሏቸው ሄደ፤ አሁንም ከኋላ ወንበር ጥቂት አሜን ተሰማ።

ቀጥሎ የመስፍኑ ሚስት መጣች። ጸሐፊው ተንበርክኮ እጇን ያዘ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

«እህቱ ናት» አልኩ።

አስተርጓሚው ትንሽ አየኝና ተረጎመው። ወዲያው ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ተቃቅፈው ደግሞ በእኛ አገር በአደባባይ የማይደረገውን አደረጉ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ለረጅም ጊዜ ስላልተገናኙ ነው» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «መምህር፣ ይሄን እኔ አልልም። ነገ በዚሁ ሰው ፊት ወንጌል እተረጉማለሁ» አለኝና ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ብቻ ተከታተለ። መጽሐፎቹ አደባባይ ላይ ተከምረው ተቃጠሉ፤ መስፍኑ ከጸሐፊው ጋር በሰይፍ ተጋጠመ፤ በመጨረሻም ጸሐፊው አርጅቶ ሞተ። ማርጀቱ የታወቀው ፀጉሩ ላይ ዱቄት ስለተነሰነሰበት ነው። ሲስል ዱቄቱ ይቦናል፣ የተለጠፈው ጢሙም አንድ ወገን ተላቆ ይመለሳል።

ብርድ ልብሶቹ ሲወርዱ የከሰዓቱ ብርሃን ከሦስቱ ነጥቦቼ ጋር አጋፈጠኝ። ሽማግሌው ተነሡ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ቃሉን እየመረጡ ይናገራሉ።

«እህቱ አይደለችም» አሉ።

«አይደለችም፣ አባባ።»

«ለምን አልክ?»

ማስረዳት ልጀምር ብዬ ተውኩት። «አፍሬ ነው» አልኩ።

«እሺ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጸሐፊ ነው ብለሃል። ጠጣ፣ አየሁ። ተጣላ፣ አየሁ። የሰው ሚስት ወሰደ፣ አየሁ። መቼ ጻፈ?»

ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ መለስኩት። አንድ ጊዜ ብዕር አንስቶ ነበር፤ በር ተንኳኳና አስቀመጠው። አስተርጓሚው ከተቀመጠበት፣ «እኔም እሱን ስጠብቅ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልጅቷን ከክፍሌ ያስወጣሁት ራሴ እንደሆንኩ ተሰማኝ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው ከጓደኞቿ ጋር የተቀመጠችውን ልጃቸውን በሀዲይኛ ጠሯት። ያየችውን እንድትናገር ማዘዛቸው ነበር። ወደ ፊት መጣች። አስተርጓሚው አሁን በተራው እኔ አጠገብ ቆሞ የምትለውን ወደ አማርኛ ያንሾካሹክልኝ ጀመር።

ምንም አላስቀረችም። ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ እንደሄደ፣ ሴትየዋ የሌላ ሰው ሚስት እንደሆነች፣ ግድግዳው ጨርቅ፣ ሽበቱም ዱቄት እንደሆነ ተናገረች። እሷ ስትናገረው ከፊልሙ ይልቅ ግልጽ ነበር፤ ሰዉም ሳቁን ትቶ ያዳምጣት ጀመር። መጨረሻ ላይ ወደ አባቷ ዞረች።

«መቼ ጻፈ ላልከው፣ ማለዳ ማለዳ ይመስለኛል። ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ የሚታይ ነገር ስለሌለው ትተውታል።»

«አይተሻል?» አሏት።

«አላየሁም። ግን መጽሐፎቹ ሲቃጠሉ አይተናል። ያልተጻፈ አይቃጠልም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ መለስ ብለው በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ያየችውን አየሁ አለች። ያላየችውን ይመስለኛል አለች። ይሄ ውሸት አይደለም። ትማር። ያልሆነ ነገር ስትጽፍ ግን ከላይ ‹ያልሆነ ነው› ብላ ትጻፍ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«አንተ ደግሞ ፊልም አትተርጉም።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የሚወጣ ተረት ሁሉ ከርዕሱ በላይ «ያልሆነ ነው» የሚል ቃል ነበረበት። ሌሎቹም ልጆች ወደዱትና የእሷን እየገለበጡ ይጽፉ ነበር። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ሄደች፤ እኔም ወደ ዱራሜ ተዛወርኩ። እዚህም ጥሩ ተማሪዎች አሉኝ። ቢሆንም ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲያካፋ ያ ክፍል፣ ያ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ያለ ቦታው የተባለው ያ አሜን ሁሉ ይናፍቀኛል። ያንን ክፉ ፊልም እንኳ ዳግመኛ ባየው ደስ ይለኛል።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ፊልም አይታችሁ ስትመጡ ቋንቋውን ከማያውቅ አንድ የቤታችሁ ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀመጡና ያያችሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሩት። የምታፍሩበት ቦታ ስትደርሱ አትዝለሉት፤ ያላያችሁትንም አላየሁም በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ የሚጠይቃችሁን ስሙ።