የማርያምወርቅ የደን ጥበቃ የሆነችባቸው አሥራ አንድ ቀናት

የማርያምወርቅ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ከባሏ ከተሾመ ጋር ትኖር ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ተሾመ ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ከሰሜን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቆሞ የሚውልበት ሥራ አልሆነለትም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ጫማ ይሰፋ ጀመር፤ ያውም ሲገኝ ነው። ስለዚህ የማርያምወርቅ ገመድ ገዝታ እንጦጦ ወጣች።

የመጀመሪያ ቀኗን ራሷ እየሳቀች ታወራው ነበር። የለቀመችውን ጭራሮ እንዴት እንደሚያስሩት ስላላወቀች፣ አቅፋው ልትወርድ ሞከረች። አንዲት ቀጭን፣ ፊቷን ፀሐይ የጠበሳት ሴት ሸክሟን እንደተሸከመች ቆም ብላ አየቻትና፣

"አንቺ ሴትዮ፣ እንጨቱን ልትሸጪው ነው ወይስ ጡት ልታጠቢው?" አለቻት።

ጫልቱ ነበረች። ሸክሟን አውርዳ አስተማረቻት። ወፍራሙ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ። ገመዱ በትከሻና በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ይጠበቃል። "ስትነሺ ደግሞ መሬት መሬቱን አትዪ፣ ይጎትትሻል" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ወጥተው አብረው ወረዱ። አንድ ክረምት የቀበናን ወንዝ ከላይ ከምንጩ አካባቢ ሲሻገሩ የማርያምወርቅ አዳልጧት ከነሸክሟ ስትወድቅ፣ ጫልቱ የራሷን ገመድ በማጭድ በጥሳ፣ የቀኑን እንጨት ሁሉ ለጎርፍ ሰጥታ፣ በነጠላዋ ጎትታ አውጥታታለች። በዚያ ቀን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ገቡ፤ ሁለቱም ሲስቁ ነው የገቡት።

የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ጥበቃ። ጥበቃ ከያዘሽ ገመድሽንና ማጭድሽን ይወስዳል። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱም በዱላ ይላል። እና ከሩቅ አረንጓዴ ካፖርት ብቅ ሲል አንዷ "መጣ!" ትላለች፤ ሌሎቹ ሸክማቸውን ጥለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ።

በዘጠና ስድስት፣ ኅዳር ወር ላይ፣ ደኑን የሚያስጠብቀው መሥሪያ ቤት ሴት ጥበቃ እንደሚቀጥር ወሬ መጣ። ውስጥ ለውስጥ መንገዱን የሚያውቁት እንጨት ለቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከነሱ ይሁን ተባለ። የማርያምወርቅና ጫልቱ አብረው ሄደው ተሰለፉ። ማንበብና መጻፍ ይጠየቅ ነበር። የማርያምወርቅ ድሮ በመሠረተ ትምህርት የተማረችው አልጠፋባትም። ጫልቱ ግን ስሟን መጻፍ አትችልም ነበርና ቀረች።

"እግዜር ይወድሻል" አለቻት ጫልቱ ሲወጡ፣ ጉንጯን እየሳመች። "ወገብሽ ሊያርፍ ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ዘመድ ከላይ አገኘሁ!" ብላ እዚያው መንገድ ላይ እልል አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ከሁሉ የተደሰተው ግን ተሾመ ነበር። ካፖርቱና ሱሪው የወንድ ልክ ስለነበር በመርፌ አሳጠረላት። ቡትሱ ለሁለት እግር ይበቃ ስለነበር አፍንጫው ውስጥ ጋዜጣ ወተፈበት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጫማውን እንደ መስተዋት ወልውሎ በሩ ላይ ደርድሮላት አገኘችው።

"ሰልፍ ልትልከኝ ነው እንዴ?" አለችው።

"ቀጥ ብለሽ ሂጂ ብቻ" አላት። "ካፖርት የለበሰ ሰው አይጎብጥም።"

ቀጥ ማለቱ ግን ቀላል አልነበረም። ባዶ ጀርባዋን ዳገቱን ስትወጣ ልትወድቅ የደረሰች ያህል ተሰማት። ሰውነቷ ሸክም ሳይኖር ሸክም ይፈልግ ነበር፤ አንገቷ ወደፊት፣ እጇ ደረቷ ላይ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ስታይ የኖረችበት መንገድ ላይ የዛፉን ጫፍ ቀና ብላ አየች፣ ከታች የተዘረጋውን ከተማም። "ይህ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?" አለች ለራሷ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ማንንም አልያዘችም። ሴቶቹ የሚመጡበትን ሰዓትና መንገድ ስለምታውቅ ከሩቅ ፊሽካዋን ትነፋለች፤ ሰምተው በሌላ በኩል ይወርዳሉ። ይህን ያወቁባት የጥበቃዎቹ ኃላፊ አቶ ወልደሰንበት ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ዛፍ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው ናቸው። አልተቆጧትም። እጇን ይዘው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ወዳለ ገደላገደል ወሰዷትና ጎንበስ አሉ። በቁመት ጉልበት የማይደርስ የጽድ ችግኝ ከሥሩ ተቆርጧል።

"ይህ አምስት ዓመቱ ነው" አሏት። "ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ግን ሞተ። ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ በጆግ።"

የማርያምወርቅ አንገቷን ደፋች። እሷም በአንድ ወቅት፣ እንጨት በጠፋበት ክረምት፣ እንዲህ ዓይነቱን ቆርጣ ጭራሮ ውስጥ ደብቃ ታውቃለች። የሰውየው ሐዘን እውነት ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን እሠራለሁ" አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ፊሽካውን ኪሷ ከትታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ መታጠፊያው ላይ ጠበቀች። ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። ሁለቱ አረንጓዴውን ካፖርት ሲያዩ ሸክማቸውን ጥለው ቁልቁል ፈረጠጡ። ሦስተኛዋ ሸክሙ ከብዷት መሮጥ አልቻለችም። ጫልቱ ነበረች። ከጭራሮው መሃል አረንጓዴ የጽድ ቅርንጫፍ ተርፎ ይታያል።

የማርያምወርቅ ልትቀልድ፣ ልትቆጣም፣ "ሂጂ፣ አላየሁሽም" ልትልም አስባ ነበር። አፏ ሳይከፈት ጫልቱ ሸክሟን አወረደች። ገመዱን ፈታች፣ በክርኗና በመዳፏ መሃል አዙራ ጠቀለለችው፣ በሁለት እጇም ዘረጋችላት።

"ይውሰዱት" አለች።

"ጫልቱ… እኔ እኮ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ይውሰዱት። ማጭዱም ይኸው።" ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። "ሌላ ጊዜ አይለመደኝም።"

የማርያምወርቅ ነገሩን ሹፈት መስሏት ፊቷን አየቻት። ሹፈት አልነበረም። ጫልቱ ፈርታታለች። አሥራ ሁለት ዓመት "አንቺ ሴትዮ" ስትላት የኖረች ጓደኛዋ፣ በዕድሜም የምትበልጣት፣ "እርስዎ" እያለች ከፊቷ ቆማለች። ገመዱን ለምን እንደተቀበለቻት እስከ ዛሬ አታውቅም። እጇ ዝም ብሎ ተዘረጋ። ጫልቱ ባዶዋን ቁልቁል ስትወርድ፣ ጥቂት ሄዳ ዞር አለችና፣ "ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ" አለች።

ገመዱንና ማጭዱን ለመሥሪያ ቤቱ ማስረከብ ነበረባት፤ ካፖርቷ ውስጥ ሸሽጋ ይዛቸው ቤቷ ገባች።

"ምን ሆነሻል?" አላት ተሾመ፣ ገና ሳይመሽ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ቡትሱን ሳያወልቅ አልጋ ላይ አይቀመጥም።"

ነገረችው። ተሾመ የሚሰፋውን ጫማ አስቀመጠ።

"ኬላ ላይ ሳለሁ አንዲት ሴት ያዝን" አለ። "የእናቴ ጎረቤት ነበረች። ሕፃን ሆኜ አዝላኛለች። 'ጌታዬ' አለችኝ። ተሾመ እኮ ነኝ ብላት፣ ብምልላት፣ ጌታዬ ማለቷን አልተወችም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ኬላው ላይ ቆየሁ። እኔ ጥዬ ብሄድ የሚጠብቀኝ ጥይት ነው። አንቺን ግን ማንም አይተኩስብሽም።"

"ልተወው ነው የምትለኝ? ምን ልንበላ?"

"ጫማ እሰፋለኋ።"

"ማን ያሰፋሃል?"

"የሚቀደድ አይጠፋም" አላት። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። እሷ ስትስቅ ጀምራ ስታለቅስ ጨረሰች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ የቡትሷን ማሰሪያ ፈታላት።

አንድ ቀን አሰበችበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ካፖርቱን አጣጥፋ፣ ቡትሱንና ፊሽካውን ከላዩ አስቀምጣ፣ አቶ ወልደሰንበት ፊት ቀረበች። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ገና አሥራ አንድ ቀንሽ እኮ ነው! ሰው ይህን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ ይጠናል። ምን አስከፋሽ? እኔ ነኝ?"

"እርስዎማ ልክ ነዎት" አለቻቸው። "ስለ ዛፉ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን የምወደው ሰው ሲፈራኝ ማየት አልቻልኩም።"

"ይለመዳል።"

"እንዳልለምደው ብዬ ነው።"

አቶ ወልደሰንበት መዝገባቸው ላይ ስሟ አጠገብ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ደጁ ድረስም ሸኟት።

ከዚያ ቀጥታ ወደ የካ ሚካኤል፣ ወደ ጫልቱ ቤት ሄደች። ጫልቱ በሩን ስትከፍት ድንግጥ አለች። "ይግቡ፣ ይግቡ" ብላ በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። የማርያምወርቅ አልተቀመጠችም። ገመዱንና ማጭዱን መደቡ ላይ አስቀመጠች።

"ለቅቄያለሁ።"

"ምኑን?"

"ሥራውን። አሁን አስረክቤ መምጣቴ ነው።"

ጫልቱ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ፊቷ ቀላ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች።

"አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?" ብላ ጮኸች። "እኔ ስሜን መጻፍ አቅቶኝ የቀረሁበትን ሥራ አንቺ እንደ ቆሻሻ ወርውረሽው መጣሽ? ያ ሽማግሌ ባልሽስ ምን ሊበላ ነው? ቡትሱን ሊቀቅለው ነው? ለአንድ ገመድ ብለሽ! ገመድ ጠፍቶ ነው?"

የማርያምወርቅ ከስድቡ ሁሉ የሰማችው "አንቺ" የሚለውን ብቻ ነበር። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጫልቱ ስትሳደብ ቆይታ ቆይታ ደከማት። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ጽዱን መቁረጥ አልነበረብኝም" አለች ቀስ ብላ። "እርጥብ ነው፣ ገዢም የለው። ምን እንደታየኝ እንጃ።"

ያ በጋ ከብዷቸዋል፤ ውሸት አያስፈልግም። የማርያምወርቅ ወገብ አሥራ አንድ ቀን አርፎ ስለነበር ሸክሙን መልሶ መቀበል እንቢ አለ። ሁለት ጊዜ ታማ ተኝታለች። ተሾመ ሥራ ይበዛልኝ እንደሆነ ብሎ በምርኩዝ እየተጎተተ ቀበና ድረስ ወርዶ ጫማ ይሰፋ ጀመር። እሷም አንዳንድ ቀን፣ ዳገቱ መሃል ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ያን ካፖርት ታስበው ነበር። መጸጸት ይሁን አይሁን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ግንቦት ላይ አቶ ወልደሰንበት ቤቷን ጠይቀው መጡ። የችግኝ ጣቢያው ለክረምት ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው አፈር በወንፊት ነፍቶ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ መሙላት፣ ማጠጣት፣ በኋላም ተራራው ላይ መትከል ነው። ፊሽካም ካፖርትም የለውም፤ ክረምቱ ሲወጣ ይቆማል።

"አንድ ሰው ነው ሁለት?" አለቻቸው የማርያምወርቅ።

ሁለት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለአራት ክረምት እዚያው ሠሩ፤ በጋ በጋ ደግሞ ደረቅ ቅጠል እየጠረጉ ይሸጡ ነበር። ጫልቱ እጇ ለችግኝ የተፈጠረ መሰለ። አቶ ወልደሰንበት እንኳ የጽድ ዘር ሲዘሩ "እስቲ ጫልቱን ጥሯት" ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት፣ መስከረም ብራ ሲሆን፣ ከራጉኤል በታች የተተከለውን ሲኮተኩቱ ዋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ጫልቱ ቀና ብላ ቁልቁል አየችና ሳቀች። ተሾመ በምርኩዙ እየተደገፈ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ይመጣል። ከሰሜን ከመጣ ጀምሮ ይህን ዳገት ወጥቶት አያውቅም ነበር።

"ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ" አለ ሲደርስ፣ ላቡን እየጠረገ። "ምሳው ቀዝቅዟል።"

"እንዴት ልትወርድ ነው ታዲያ?" አለችው የማርያምወርቅ፣ ሳቋን እየዋጠች።

"እሱን እየበላሁ አስብበታለሁ።"

ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሦስቱም ከአንድ ዕቃ በሉ። ሲመሻሽ ሁለቱ ሴቶች አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ይዘውት፣ አዲሶቹን ችግኞች እንዳይረግጥባቸው እየተቆጡት፣ ቀስ ብለው አወረዱት።