አማቱን ያየ ቀን

ናናባህ በጣቷ ወደ ሰው ጠቁማ አታውቅም። ከአሜሪካ ነባር ነገዶች አንዱ በሆነው በናቫሆ ምድር ጣት መቀሰር ነውር ነውና የምትጠቁመው በከንፈሯ ነው፤ በጉንም፣ ደመናውንም፣ የጎረቤቱን አዲስ ሚስትም። ልጇ ኧርሊን ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለየችው ነገር ነበር። እናቷ ለሚረባ ሰው ሁለቱንም ከንፈሮቿን ታሾላለች። ለማይረባ ሰው የታችኛውን ብቻ ትልካለች፤ ሙሉ አፍ አይገባውም ብላ ይሆናል።

በዚያች የታችኛዋ ከንፈር ብዙ የተከበረ ሰው ተንቋል። ናናባህ ዝናብ ሲመታው ሳሙና በሚሆን የሸክላ አፈር መንገድ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው የኖረችው። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ እሷ ጎትታ አወጣችው። በማግስቱ ሾፌሮችን ሰብስቦ ስለ ጥንቃቄ ሊያስተምር ሲነሳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የላከችለት ያችኑ ነበር። በኋላ ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው ቁልፉን አስረከበች። ከዚያም ከናቫሆ ምድር ወሰን ማዶ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ባለች አንዲት የነጮች ከተማ ጫፍ፣ ልጇ የተከራየችው ተጎታች ቤት ገባች።

ኧርሊን ወደዚያች ከተማ የመጣችው ባሏን ዴልበርትን ሸሽታ ነው። ክንዷን ሰብሮታል። የናቫሆ ፍርድ ቤት ዳኛ የጥበቃ ትዕዛዝ ሰጥታታለች፦ እንዳይቀርባት፣ እንዳይደውልላት፣ ደጇ እንዳይደርስ። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ፣ ትዕዛዙ በየትኛውም ግዛትና በየትኛውም ነገድ ምድር እንደሚጸና፣ ማንኛውም ፖሊስ ሊያስከብረው እንደሚገባ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ኧርሊን ያንን ቀለም አምና እንቅልፍ ወሰዳት።

ዴልበርት በሳምንቱ መጣ። ፒክአፑን ደጁ ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ቁጭ አለ። አልወረደም፤ አልጮኸም። ናቫሆዎች ዘንድ ጨዋ እንግዳ በር አይደበድብም። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱ አይቶት እስኪወጣ ይጠብቃል። እንዲያ መቀመጡ ራሱ ማንኳኳት ነው። ኧርሊን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ የሞተሩን ጉርምርምታ ስትሰማ፣ የሚያንኳኳው የተሰበረው ክንዷ ውስጥ ነበር።

ስትደውል ፕሩዊት የሚባል የካውንቲው፣ ማለት የወረዳው፣ ፖሊስ መጣ። ወረቀቱን ጫፉን ብቻ ይዞ አየው፤ የቆሸሸ ዳይፐር ያቀበሉት ይመስል።

«ይሄ የእናንተ ፍርድ ቤት ነው። እኛ ዘንድ አልተመዘገበም።»

«መመዝገብ አያስፈልገውም። እዚሁ ላይ ይላል፣ ያንብቡት።»

«ወረቀት ምን የማይለው አለ። ደግሞስ ምን አደረገ? በር አላንኳኳም። መንገዱ የሕዝብ ነው።»

«እያንኳኳ ነው እኮ።»

ፕሩዊት በሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፤ ሐኪም ቤት ላድርስሽ ወይ ሊል እንደቃጣው ሰው።

ከጓዳ የናናባህ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ። ዴልበርት መንጃ ፈቃዱን ያወጣው የት ነው?»

«አሪዞና፣ እማ።»

«እና የሱ ወረቀት ወሰን ተሻግሮ እየነዳ ሲመጣ፣ ያንቺ ምን ሆኖ ነው መንገድ የቀረው? እግሩን ታሞ?»

«እናትሽ ጨዋታ ያውቃሉ፤» አለ ፕሩዊት፣ እየሳቀ ወደ መኪናው ሲመለስ። ዴልበርትን መስኮቱን መታ መታ አድርጎ አሰናበተው። ኧርሊን በነጋታው ወረቀቱን ልታስመዘግብ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴት ማስቲካዋን እያኘከች ማኅተሙ ደብዝዟልና ሌላ አምጪ አለቻት። ዴልበርት በበኩሉ መምጣቱን አላቋረጠም። የሱ ማኅተም አልደበዘዘም።

ናናባህ ከጓዳ የማትወጣው ፈርታ አልነበረም። በወጋቸው አማትና አማች አይተያዩም፤ ቢተያዩ ዓይን ይጠፋል ይባላል። የዛሬ ልጆች ይስቁበታል። ዴልበርትን ያሳደጉት ግን ወግ አጥባቂ አያቶች ናቸው። በትዳሩ ዘመን ሁሉ አማቱን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም። እሷም እሱ ሲመጣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ በጓሮ ትወጣ ነበር። ዘመድ ሁሉ «እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ» እያለ ያሞግሰዋል። ኧርሊን ይህን ስታስበው ዛሬም ይደንቃታል። የእናቲቱን ጥላ ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰው፣ የልጅቱን ራስ የሚያጋጨው ከዚያው ግድግዳ ጋር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒክአፑ እንደገና ቆመ። ኧርሊን ደወለች። ፕሩዊት መጣና መኪናውን ከፒክአፑ ኋላ አግድም አስጠግቶ አቆመ፤ ወርዶም የዴልበርት መስኮት ላይ ክንዱን ጣል አደረገ። ስለ ሮዲዮ፣ ስለ በሬ ግልቢያው ውድድር፣ ይጫወቱ ጀመር፤ ማን በየትኛው በሬ እንደተጣለ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

«ላናግራት ብቻ ነው የመጣሁት አለቃ፤» አለ ዴልበርት። «እኔ ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ።»

«ይበርድላታል። ታገስ፣ ሴት እንዲህ ናት።»

ናናባህ ከወንበሯ ተነሳች። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችው።

«እማ፣ ወዴት ነው?»

«ልታይለት።»

«ዓይንሽስ?»

«የኔ እኩሌታው ሄዷል፤ የቀረው ለሱ ይበቃል። የሱ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው።»

በሩን ከፍታ ወጣች። በነጭ የሱፍ ክር የተጠፈረው ሽበቷ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ኧርሊን ተከትላት ደጁ ላይ ቆመች። እናቷ እንዲህ ረጅም መሆኗን እስከዚያን ቀን አላወቀችም። ናናባህ አልተጣደፈችም። አውቶቡስ ውስጥ የረበሸ ተማሪ ወንበር ድረስ እንደምትሄደው ሄዳ ፒክአፑ ፊት ቆመች።

«ዴልበርት፣» አለች፣ «ወጥቻለሁ። እየኝ።»

አያት። ዓይን ለዓይን፣ በመስታወቱ ውስጥ። ወዲያው ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ሳበና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ በሌላው እጁ ማርሹን ወደ ኋላ ወረወረው። ፕሩዊት ዘሎ ሲያመልጥ፣ ፒክአፑ በታወረ ሾፌር እየተነዳ የፖሊሱን መኪና በር እንደ ቢራ ጣሳ ጨፈለቀው።

«መኪናዬን፤» አለ ፕሩዊት፣ ልጁ የሞተበት ሰው ድምፅ ወጥቶት። ዴልበርትን ጎትቶ አወረደው፤ ካቴናውን በአንድ እስትንፋስ አጠለቀለት። ዴልበርት ዓይኑን አልገለጠም።

«ሄደች?» ይላል። «አለቃ፣ ሄደች ወይ?»

«ማን?»

ፕሩዊት እስረኛውን ከኋላ ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ኧርሊን መጣ። «ያንን ወረቀትሽን ስጪኝማ።» ደማቁን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። «ለካ እኛም ጋ ይሠራል፤» አለ። «ደጅሽ መድረሱም ጥሰት ነው። አብሬ እከስሰዋለሁ።»

ኧርሊን የተጨፈለቀውን በር አየች፣ ክንዷን ዳበሰች። «ክንዴን ነበር ለካ ያላስመዘገብኩት፤» አለችው። ፕሩዊት አልገባውም፤ እንዲገባውም አልሞከረም።

ናናባህ ቤት አልተመለሰችም። ከወሰኑ ማዶ፣ አማቹን ያየ ዓይን በዝማሬ የሚያነጻ ሽማግሌ አለ። ወደ አውራ ጎዳናው አቅጣጫ ጀምራዋለች፤ የሚጭናት ዘመድ አይጠፋም።

«እሜቴ፣» ብሎ ፕሩዊት ተጣራ፣ «የምስክርነት ቃልዎን እፈልጋለሁ።»

ናናባህ ቆመች። «ቃሌ የተመዘገበው ወዲያ ማዶ ነው። እዚህ አይሠራም አሉ።» የታችኛዋን ከንፈሯን ብቻ ላከችለት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ ሁለቱንም አሾለች፣ ወደ ቤቱ በር፦ ግቢ፣ ቁርስሽን ብዪ።

ኧርሊን ግን ደጁ ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ ሻሿን በእጇ እንደያዘች፣ ራሷን እንደገለጠች፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ወደ ወሰኑ ሄደች።