መከባበር የማያውቅ ካሜራ

ብዋሽ የቀረችኝን ዕድሜ አላህ ይንሳኝ፤ የምነግራችሁ ቃል በቃል የሆነ ነው።

ዘመኑ የኮሮና ነው። በስደት አገር፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ያለው የጅምላ መደብር ሰው የሚያስገባው በቁጥር ነበር። ከሰልፉ ፊት እኔና ጎረቤቴ ባለሱቁ ከድር ደረስን። ጥበቃው "አንድ ሰው ብቻ ይግባ፣ ከዚያ እንዘጋለን" አለ። ዳቬይተን ሰፈር ያሉት የሁለታችንም ሱቆች ስኳር ካለቀባቸው ሦስት ቀን ሆኗቸዋል።

"ከድር፣ በሞቴ ግባ" አልኩት።

"ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እኔ አልገባም።"

በወጋችን ክንዱን ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት። እሱም ወገቤን ይዞ ገፋኝ። ስንገባበዝ ከኋላችን ያለው ሰልፍ አረጀ።

ድንገት ከበሩ በላይ የተሰቀለው፣ ጠብ ይለያል የተባለው አዲሱ ካሜራ ጮኸ። ጥበቃው ስክሪኑን አየና "ሁለት ሰዎች እየተደባደቡ ነው ይላል" ብሎ በሩን ዘጋብን።

"ይሄ መከባበር ነው እንጂ ድብድብ አይደለም" አልኩት።

"ማሽኑ አይሳሳትም፣ ማዳላ" አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

ደሜ ፈላ። ወግ የማያውቅ ብረት፣ በስተርጅና ተደባዳቢ ብሎ ያዋርደኝ? ባዶ እጄን ልመለስ? ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬያለሁ። "ግባ" አላልኩትም፤ እሱም "እርስዎ ቆመው እኔ አልገባም" አላለኝም።