በሩ ላይ የቆመችው ነርስ

ያን ቀን ላሊበላ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጭቃ የነካው ቦቲ ያደረገች ነርስ አንዲት ልጅ አስገብታ በሩ ላይ ቆመች። የልጅቷ አጎት ተከትሎ ሊገባ ነበር።

«ልታስወርድ ነው የመጣችው። ዓይነ አፋር ናት፤ እኔ እመልስላታለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

ነርሷ እጇን ከበሩ እጀታ ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ ለነፍስ አባትዎ ሲናዘዙ ሰው አስከትለው ነው የሚገቡት?» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አፍሮ ተቀመጠ። እኔ የተባልሁትን ሁሉ እሺ ብዬ ያረጀሁ ሴት ነኝና ደስ ብሎኝ አየኋት።

ልጅቷ ብዙ ቆይታ ስትወጣ ከአጎቷ ጋር አልሄደችም፤ በራሷ ጥያቄ አክስቷ ተጠርታ መጥታ ወሰደቻት።

ነርሷን «ጎበዝ ነሽ» ብላት፣ «ብቻዋን ጠይቁ ብለው አሠልጥነውናል» አለችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «እኔን በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ብቻዬን የጠየቀኝ አልነበረም» አለች።

ዛሬም እዚያው ናት፤ አዲስ ለሚመጡት ነርሶች በሩ ላይ መቆምን ታስተምራለች።